ሆሄማድ ላይ ልጆቹን እንዳታወጣ

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ታናሽ ወንድሜ ለኮርቢ፣

ከባሕር ማዶ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ያ የወገብ ሕመምህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ያስነክስሃል? ባለቤትህ ሙሪኤል እንዴት ናት? ቴስና ትንሹ ኦወንስ? እዚያ ፐርዝ ሙቀቱ አስፋልት ያቀልጣል ብለህ የጻፍከውን ለእማዬ ባነብላት፣ «ታዲያ እነዚህ ልጆች በረዶ ላይ ምን ሊሆኑብኝ ነው?» ብላ ያንኑ ቀን ሹራብ ጀመረችላቸው። እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ሁላችንም አለን። ደህና ነን ብዬ ለመጻፍ ግን እጄ እንቢ አለኝ። ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩህ ስልኩ አባባ ከሚቀመጡበት ወንበር አጠገብ ስለሆነ ነው። እግራቸው እንጂ ጆሯቸው አልደከመም።

መጀመሪያ የጠየቅከኝን ልመልስልህ። ልጆቹን በረዶ ላይ መንሸራተት ለማስተማር የት ልውሰዳቸው ላልከው፣ ስሙ በየመጽሔቱ የሚወጣውን ትልቁን ቦታ ተወው። እዚያ የሚሄደው ሰው ግማሹ ለመታየት ነው። ለልጅ የሚሆነው ዞንላይተን ነው። መንደሩ ከፍ ያለ ስለሆነ በየካቲት ሙቁ ነፋስ ቢመጣ እንኳ በረዶው ጭቃ አይሆንም። የጀማሪዎቹ ሜዳ ከትልልቆቹ መውረጃ በአጥር ተለይቷል፤ ልጆቹን ወደ ላይ የሚወስዳቸውም በሞተር መሬት ለመሬት የሚሄድ ምንጣፍ ስለሆነ በሽቦ በሚሳበው ወንበር አየር ላይ ተንጠልጥለው አያለቅሱም። ቀላሉን፣ ሰማያዊ ምልክት ያለበትን ብቻ ይዛችሁ ውረዱ። ቀዩን አንተም ቶሎ አትንካው። «እኔ እኮ የቲሮል ልጅ ነኝ» እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ ጉልበትህ ግን ከቢሮ ወንበር ጋር ከተጋባ ቆየ።

ዕቃ ከዚያ ገዝተህ እንዳትመጣ። እኔ የማከራይበት ሱቅ ምን ሊሠራ ነው? የልጅ ጫማ «ያድግበታል» ተብሎ ሰፊ አይያዝም፤ እግሩ ውስጡ ከዋኘ ልጁ መንሸራተቻውን ስኪ ማዘዝ አይችልም። ካልሲ አንድ ብቻ፣ እሱም ስስ። ሁለት ደርቦ የወጣ ሁሉ ከሰዓት በኋላ እግሩ ደንዝዞ ነው የሚመለሰው። የስኪው ቁመት አገጫቸው ጋ ይድረስ፣ ከዚያ አይለፍ። ሄልሜት ከሰው አትዋስ፤ አንዴ የተመታ ሄልሜት ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ኪሏችሁን ስጠይቃችሁ እውነቱን ንገሩኝ! ጫማውን ከስኪው ጋር የሚይዘውን መቆለፊያ የማጠብቀው በክብደታችሁ ልክ ነው። ወንዶቹ ሁልጊዜ ይጨምሩብኛል፤ ከዚያ ሲወድቁ መቆለፊያው አልላቀቅ ይልና እግር ይሰበራል። በቀደም አንዱ የብሬመን ሰውዬ ደረቱን ነፍቶ ሲጨምርብኝ ሚስቱ፣ «ኧረ እግዜርን ፍራ፣ ይሄ ሁሉ ሥጋ የቱ ጋ ነው ያለው?» ብላ አጋለጠችው። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀበት።

መውረጃው ላይ ከፊትህ ያለው ሰው ባለመብት ነው፤ መጠንቀቅ ያለበት ከኋላ የሚመጣው ነው። ጉብታ ሥር ቆመህ ልጅ አታስተምር፣ ከላይ የሚወርደው አያይህም። ምሳ ከበሉ በኋላ ደክሟቸው «አንድ ጊዜ ብቻ እንጨምር» ቢሉህ እሺ አትበላቸው። ነፍስ አድኖቹ ሥራ የሚበዛባቸው በዚያች «አንድ ጊዜ» ነው። ይህን ይለን የነበረው ከእነሱ ጋር ይሠራ የነበረው ቪንሴንዝ ነው።

እንግዲህ የወንድማችንን ስም ጠራሁት። በደብዳቤህ፣ አባባ በስልክ «ልጆቹን ሆሄማድ ላይ እኔው አስተምራቸዋለሁ» እንዳሉህና ከደስታህ ብዛት እንዳለቀስክ ጽፈሃል። እኔ ያንን ሳነብ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ቪንሴንዝን የበረዶ ናዳ የወሰደው ሆሄማድ ላይ መሆኑን ታውቃለህ። ለምን እንደሆነ ግን ማናችንም በወጉ አልነገርንህም።

ሆሄማድ ሁላችንንም ያስተማረን የገዛ መስካችን ነው። በበጋ አባባ ያጭዱታል፣ በበረዶ ወራት ድርቆሹን በመንሸራተቻ ጋሪ ያወርዳሉ፣ ከዚያ ቁልቁለቱን ለእኛ ለልጆቹ ይለቁልናል። «ሆሄማድ አይናድም» ሲባል ነው ያደግነው። እውነትም አይናድም ነበር፤ የታጨደ ሣር ጉቶው ቀጥ ብሎ ስለሚቆም በረዶውን ጨብጦ ይይዘዋል። የአባባ እግር ከታመመ ወዲህ ግን አንድም ሰው በወጉ አላጨደውም። ያልታጨደ ሣር ይረዝምና ቁልቁል ይተኛል፣ በላዩ የተከመረው በረዶም ቅቤ ላይ የተቀመጠ ያህል ነው። ቪንሴንዝ ይህን ከማናችንም በላይ ያውቅ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት የሰው መስክ ላይ «አደጋ አለ» የሚል ምልክት ሲተክል አርፍዶ፣ ወደ ቤት ሲወርድ በሆሄማድ አቋረጠ። በረዶ ሥር ያለ ሰው የሚገኝበትን መሣሪያ እንኳ ነፍስ አድን ጣቢያው ውስጥ ትቶት ነበር። ከገዛ መስኬ ምን ይመጣብኛል ብሎ ነው። እኛ እዚህ አገር የሰውን ቁልቁለት ሁሉ እንፈራለን፣ የአባታችንን ግን አንፈራም። በረጅም ዘንግ በረዶውን እየወጋን ፈለግነው። ያገኘሁት እኔ ነኝ። ዘንጉ ሲነካው መዳፌ ላይ የተሰማኝ ነገር እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ቤት አልሆነም። ሙቁ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር እማዬ ከመስኩ በኩል ማጭድ ሲሞረድ ትሰማለች። «ሰው እያጨደ ነው» ትለኛለች፣ ያውም በጥር! እኔ ቀኑን ሙሉ ብሎን ሳጠብቅ የምውል ሰው ነኝ፣ ለእንዲህ ያለ ነገር ጊዜ የለኝም እያልኩ አሾፍባት ነበር። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ግን እኔም ሰማሁት። ሁለታችንም ቆምን፤ ፊት ለፊት መተያየት ግን ፈራን።

የአባባ ደግሞ ይብሳል። ዘንድሮ የሆሄማድ በረዶ ወገቡ ላይ ተሰንጥቆ አፉን ከፍቷል፣ ከነጩ መካከል ቡናማው ሣር ይታያል። በብርድ ጠዋት ከስንጥቁ እንፋሎት ይወጣል። ከሥር ያለው መሬት ስላልቀዘቀዘ መሆኑን አውቃለሁ። አባባ ግን በመስኮት ያዩና «ቪንሴንዝ ተነፈሰ» ይላሉ። ሰሞኑን ከሥራ ስገባ ወንበራቸው ባዶ ነው። ያንን እግር እየጎተቱ ወጥተው ከስንጥቁ ሥር ቆመው አገኘኋቸው። በላያቸው የተንጠለጠለው በረዶ ከቁመታቸው ይበልጣል። «አባባ፣ ቀስ ብለው ይምጡ» ብላቸው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው፣ «ዝም በይ፣ ትቀሰቅሺዋለሽ» አሉኝ። እጃቸውን ይዤ ቀስ እያልኩ አወረድኳቸው። መንገድ ላይ ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? «የኮርቢ ልጆች ሲመጡ ጎትተው ያወጡታል። የልጅ እጅ ቀላል ነው፣ በረዶውን አያስቆጣም።» የልጅነታችንን አጫጭር ስኪዎች ከጣሪያ ሥር አውርደው ሰም ቀብተዋቸዋል። የቴስንና የኦወንን ስም ጽፈውባቸዋል።

እንዳትቀየማቸው፣ ክፋት የላቸውም። ሐኪሙ «ሐዘን ነው፣ ጊዜ ስጧቸው» ይለናል። ያ ስንጥቅ ግን ጊዜ የሚሰጥ አልመሰለኝም።

ስለዚህ ወንድም ዓለም፣ ወረቀት ስቀድ የዋልኩበትን ነገር ልጻፍልህ፤ በየካቲት ቤት አትምጡ። የገዛ ወንድሜን ከአባቱ ደጅ መከልከሌ ነው። ዞንላይተን ክፍል እይዝላችኋለሁ፣ እማዬን ይዤ እኔ እመጣለሁ። ለአባባ ጉዞው ተሰረዘ እላቸዋለሁ፤ የውሸቱን ኃጢአት እኔ ልሸከመው። «አንድ ቀን ብቻ አድረን እንሂድ» እንዳትለኝ። አባባ ከሁላችንም ቀድመው ነው የሚነሡት፣ ልጅ ደግሞ አያቱ ና ካለው ይሄዳል። በነሐሴ ግን ብቻህን ና። ባለፈው በጋ እማዬና እኔ ከታችኛው ጥግ አልፈን ማጨድ አልቻልንም። አንተ ገና ጉልበት አለህ። መስኩ ከታጨደ ምናልባት አባባ ያርፋሉ። ምናልባት እሱም።

እማዬ በናፍቆት ስማሃለች፤ ሹራቦቹ ሊያልቁ ነው፣ የኦወን አንድ እጅጌ ብቻ ቀርቷታል። ሙሪኤልን ሳሚልኝ፣ ስለ ሁሉም ነገር ይቅርታ አድርጊልን በልልኝ። ቴስንና ኦወንን አክስታችሁ ትወዳችኋለች በላቸው። አባባ ስጽፍ አይተው «ለማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ለኮርቢ ስላቸው ፊታቸው በራ። ሰላም በዪልኝ፣ ልጆቹን ቶሎ ያምጣ በዪው አሉ። ቪንሴንዝም ሰላም ብሎሃል፣ እሱንም አትርሺ ብለውኛል። እንደነገሩኝ ጽፌዋለሁ።

የማትረሳህ እህትህ
ቡርጊ

ሽታይንራስት፣ ቲሮል
ጥር 12 ቀን 2004፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር