ያልታጠነ ጀሪካን

ሰኞ፣ ጥር 20፣ ጠዋት 2፡30
ቅጹ ላይ ነኝ፣ ደብተሬ። የግመል ወተታችንን የሚገዛው የአ.አ. ድርጅት አቅራቢዎቻችን የካርቦን ልቀት ይቀንሱ ይላል። የመኪናውን ነዳጅ የሚለውን ክፍል ሞላሁ። ቀጥሎ የሚቃጠል እንጨት። የጉናጋዶ ሴቶች ወተት ከመቅዳታቸው በፊት ጀሪካኑን በፍም ጭስ ያጥናሉ። እሱን ማስቀረት ነዋ! ኤዶ ሳህራ ጋ ደወልኩ። ወተቱን ከሴቶቹ ሰብስበው የሚልኩልን እሳቸው ናቸው፤ ኤዶ፣ አክስቴ፣ የምላቸው ለአክብሮት ነው። ከዛሬ ጀምሮ እንዳይታጠን አልኳቸው። ወረቀትሽ ካለ እሺ አሉ። ቀላል ሥራ።

ረቡዕ፣ ጥር 22፣ 4፡00
የጉናጋዶ ወተት ተበላሽቶ ገባ። ተደፋ። መኪናው ያን ሁሉ መንገድ ነዳጅ ያቃጠለው ለሚደፋ ነገር ነው። ለሥ/አስኪያጁ ሙቀቱ ነው አልኩ። ስለ ጭሱ ትንፍሽ አላልኩም።

ዓርብ፣ ጥር 24
ዛሬም ተደፋ። በመ/ቤቱ ደንብ ሁለቴ የተበላሸ ወተት የላከ አቅራቢ ይሰረዛል። ደብዳቤውን የማዘጋጀው እኔ። ኤዶ ሳህራ ከወጡ የእነዚያ ሴቶች ወተት ገዢ የለውም።
አፈርኩ። እናቴ የወተት ቅሏን በወይራ ሳታጥን ቀድታ አታውቅም። ወተቱን ከመበላሸት የሚያቆየው ጭሱ መሆኑን እያየሁ ነው ያደግሁት። ቅጽ ሲሰጡኝ ጠፋኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

እሑድ፣ ጥር 26፣ ከሰዓት
ከጉናጋዶ መመለሴ ነው። ኤዶ ሳህራ አልተቆጡም፤ እሱ ባሰብኝ። ለቤታቸው የሚያስቀሩትን ያጥናሉ፣ የኛን አላጠኑም። ቃል ሰጥተዋላ። የፍሟን ማነስ አሳይተውኝ ሳቁ። ከዚያ ወደ መኪናው ጠቆሙኝ። ከጉናጋዶ ግማሹ ባዶ ሆኖ ይነሳል፤ ቀብሪበያን ሲያልፍ ከዚያም ሌላ ግማሽ ባዶ መኪና ይከተላል። የሁለቱን ወተት አንድ መኪና ቢያመጣው ነዳጁ ይቀንሳል አሉ። የቀብሪበያ ሴቶች ወተታቸው እንዲቀላቀል አይፈልጉም ብዬ ተከራከርኩ።
«ማን ቀላቅሉ አለሽ? እጀታው ላይ ክር እሰሩ። እኛ ቀይ፣ እነሱ አረንጓዴ።»
ስንት ጊዜ በዚያ መንገድ ተመላለስኩ፣ አላየሁትም። ጀሪካኑ ይታጠን ማለት ግን ጥፋቴን ማመን ሆነብኝ። ሳልናገር መጣሁ። ፈሪ።

ሰኞ፣ ጥር 27፣ 3፡10
ሥ/አስኪያጁ የስረዛውን ደብዳቤ ይጠብቃል። የሙከራ ጊዜዬ አላለቀም። ምክንያት በሚለው ቦታ ሙቀት ብዬ ብጽፍ የሚጠይቀኝ የለም።
ስልክ። ኤዶ ሳህራ። የዛሬውን ሊቀዱ ነው፤ ፍሙ ተዘጋጅቷል፣ ወረቀትሽ ዛሬስ ምን ይላል አሉኝ።
ይታጠን አልኳቸው።
የጀመርኩትን ደብዳቤ ቀደድኩት። ሌላ ጻፍኩ፦ እንዳይታጠን ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ አቅራቢዋ የታዘዙትን ነው የፈጸሙት። የአንድ መኪናውንም ሐሳብ በእሳቸው ስም አሰፈርኩ። ፈረምኩ። ሥ/አስኪያጁ እየጠራኝ ነው፣ ልግባ