ከደብተሩ የተሰረዘው የጸሎት ርዕስ

ቅዳሜ፣ መጋቢት 12 ቀን
ከቤታችን፣ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ

ለውድ ባለቤቴ፣ ለዶክተርዬ፣

«እንደምን ከርመሻል፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ» ብዬ ጀምሬ ነበር። ከዚያ ወረቀቱን ቀድጄ ጣልኩት። ደህና አይደለሁም፤ ምስጋናውም ከእጄ ልማድ የወጣ እንጂ ከልቤ የመጣ አልነበረም። ስትሄጂ በር ላይ ቆመሽ «ስልክ አትደውልልኝ። አንተ ስታወራ ሳታስብ ነው የምታወራው። የምትለው ካለህ ጻፍልኝ፤ ሲጽፍ ቢያንስ ሰው ይሰርዛል» ብለሽኝ ነበር። ይኸው እየሰረዝኩ ነው። አራተኛው ወረቀት ላይ ደርሻለሁ። ሁለት ወር ከሃያ ቀን መቆየቴ ስንፍና አይምሰልሽ፤ ግድግዳ ቢሆን እኮ በአንድ ቀን ቀብቼ እጨርሰው ነበር።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ አሁንም ያንጠባጥባል፤ የባለሙያ ቤት እንደሚባለው ነው፣ የሰው ቤት ሳሳምር የራሴን ረስቼዋለሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው አበባሽ አልደረቀችም፤ እንዲያውም አዲስ ቅጠል አውጥታለች። ምን ተንከባክበሃት ነው ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፣ ረስቻት ነበር። ሩዝ መቀቀል ተምሬያለሁ ለማለት ይከብደኛል። አንዱን ቀን ይላቁጣል፣ አንዱን ቀን ያርራል፤ ባለፈው ረቡዕ ግን ከታች አርሮ ከላይ ጥሬ ሆኖ ወጣ። ይሄን እንኳ አንቺም አትችይበትም። ሥራ ሞልቷል። አሁን የምንቀባው የአንድ ጥርስ ሐኪም የተራ መጠበቂያ ክፍል ነው፤ ሰውየው «ሰው የሚያረጋጋ ቀለም ይሁንልኝ» እያለ ሦስት ጊዜ አስቀየረን። አለቃዬ «ጥርሱን ሊነቀል የመጣ ሰው በምን ቀለም ነው የሚረጋጋው?» እያለ መሰላሉ ላይ ቆሞ ሲያጉረመርም ነው የሚውለው።

ምድር ቤት ያለችው ጎረቤታችን ደረጃው ላይ ባገኘችኝ ቁጥር «ዶክተር መቼ ነው የምትመጣው? የግፊት መድኃኒቴን እሷ ካላስረዳችኝ አይገባኝም» ትለኛለች። «ለሥራ ነው የሄደችው፤ ሌላ ከተማ ፋርማሲ ውስጥ ሰው ተክታ ለሦስት ወር ነው» እላታለሁ። ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም። ለሦስት ወር የሚሄድ ሰው፣ ያውም በበጋ፣ የክረምት ሹራቡን ይዞ አይሄድም።

እንደተጋባን ሰሞን ትዝ ይልሻል? ያጋቡን ሰው «አብራችሁ ሳትጸልዩ ከቤት እንዳትወጡ» ብለው ስለመከሩን በየማለዳው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት እንቀመጥ ነበር። ለታመመውም፣ ላዘነውም፣ ለዘመዱም ሁሉ ቶሎ ቶሎ እንጸልይና መጨረሻ ላይ ወደ ራሳችን ጉዳይ እንገባለን። «ጌታ ሆይ፣ እርጥብ ፎጣ አልጋ ላይ የሚጥሉትን ሁሉ ልቦና ስጣቸው» ትያለሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ። እኔም «አሜን፤ በሰው ምላጭ የቅንድብ እርሳስ የሚቀርጹትንም አትርሳቸው» እላለሁ። ለእናቴ ሳልደውል ሁለት ሳምንት ያለፈኝ ጊዜ ደግሞ ለእግዚአብሔር ከሰስሽኝ። ፊት ለፊት ብትነግሪኝ እከራከርሽ ነበር፤ በእሱ በኩል ሲመጣ ግን ምን ይባላል? ከአሜን በኋላ ወዲያው ደወልኩ። እናቴ «ምነው ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው በዚህ ማለዳ?» ብላ ደነገጠች፣ አንቺ አፍሽን በመሃረብ አፍነሽ ስትስቂ።

ጠብ የማናውቅ ባልና ሚስት ነን እያልኩ እኮራ ነበር። ለካ ጠቡንም ልመናውንም በእሱ በኩል እየላክን እርስ በርስ ማውራት ሳንማር ኖረናል።

ከዚያ ያ ወር መጣ፤ በሆድሽ አምስት ወር የሞላውን ልጃችንን ያጣንበት። «የሰው አዘኔታ መሸከም አልችልም» ስላልሽ ከእህትሽ በቀር ለማንም አልነገርንም። ሥራ ገባሽ፣ ሥራ ገባሁ፣ ማለዳ ማለዳም እንደ ድሮው ተቀመጥን። ጥቂት ወራት እንዳለፉ አንድ ቀን እየጸለይኩ ቀና ብል ዓይንሽን ገልጠሽ ግድግዳውን ታያለሽ። ምነው ብዬ ብጠይቅሽ፣ «ከንፈሬ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ማንም እንደሌለበት የማውቀውን ቤት የማንኳኳ ነው የሚመስለኝ። ላንተ ብቻ ነው የነገርኩህ፤ ለማንም እንዳትል» አልሽኝ። ምን ብዬ መለስኩልሽ? «አይዞሽ፣ ያልፋል።» ከዚያ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። አፌ ሁልጊዜ የሚፈጥነው መዝጋት በሚገባው ሰዓት ነው፤ በሚያስፈልግበት ሰዓት ደግሞ ይተሳሰራል።

በዚያው ሳምንት እሁድ ከሰዓት የጸሎት ቡድናችን ተሰበሰበ። አንቺ ፋርማሲ ተረኛ ነበርሽ። ሽማግሌው፣ ጡረታ የወጡት የመኪና መንዳት አስተማሪ፣ ደብተራቸውን ገልጠው እንደ ልማዳቸው እያንዳንዳችንን በየተራ ጠየቁ። ደብተሩን ታውቂዋለሽ፤ በአንድ በኩል ቀን፣ መሃል ላይ ርዕስ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ጸሎቱ ሲመለስ ምልክት የሚያደርጉባት ትንሽ ቦታ። እኔ ጋ ሲደርሱ «ያንተስ የጸሎት ርዕስ?» አሉኝ። «ባለቤቴ» አልኩ። «እምነቷ ደክሟል። መጸለይ አቅቷታል።» ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ስምሽ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሰፈረ፤ አሥራ አንድ ሰውም በአንድ አፍ «ጌታ ይርዳት» አለ።

የቀረውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። በሦስተኛው ቀን፣ እኔና አንቺ እትዬ ኬክ የምንላቸው ሴትዮ ፋርማሲ ድረስ መጥተው፣ ስድስት ሰው ተሰልፎ እያየ፣ ባንኮኒው ላይ እጅሽን ግጥም አድርገው ይዘው «እምነትሽ እንዲመለስ እየጸለይንልሽ ነው፣ ልጄ» አሉሽ። በቅንነት ነው፣ ኬክም ይዘውልሽ ነበር። ቤት ስትገቢ ትጮሂያለሽ ብዬ ጠበቅኩ። ብትጮሂ ይሻለኝ ነበር። «እኔ በቀን የስንቱን ሰው ገመና በወረቀት አነባለሁ» አልሽኝ ቀስ ብለሽ። «የጎረቤታችንን፣ የአለቃህን፣ የእትዬ ኬክን ጭምር። አንድ ቀን እዚህ ጠረጴዛ ላይ አምጥቼ አውቃለሁ? የራሴ የምለው አንድ ገመና ነበረኝ። ላንተ ሰጠሁህ።» በሳምንቱ የሌላ ከተማ ቅርንጫፍ የሚተካ ሰው ሲፈለግ እጅሽን አወጣሽ።

ከሄድሽ በኋላም ማለዳ ማለዳ ብቻዬን መቀመጤን አልተውኩም። አሁን የምነግርሽን ከፈለግሽ ሳቂበት። ሁለት ደቂቃ አልሞላ አለኝ! «ጌታ ሆይ» እልና ቀና ብዬ ወንበርሽን አያለሁ። ያን ሁሉ የሚያምር ቃል ለካ ለአንቺ ጆሮ ብዬ ነበር የምሰድረው። ባዶ ቤት ነው የማንኳኳው ስትዪኝ ለምን እንደዚያ እንደደነገጥኩ ያኔ ገባኝ። እኔም እዚያው ደጅ ቆሜ ነበር፤ አንቺ እንኳ አንኳኳሽ፣ እኔ እሱንም አልደፈርኩም።

ያለፈው እሁድ ሽማግሌው ደብተራቸውን ሲገልጡ ተራዬን ሳልጠብቅ «አባባ፣ አንድ ርዕስ ይሰረዝልኝ» አልኩ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና ፊታቸው በራ። «ተመለሰ?» ብለው ምልክቷን ሊያደርጉ እስክሪብቶ አነሱ።

«አልተመለሰም። ርዕሱ የኔ አልነበረም። ሳላስፈቅዳት ነው ያመጣሁት።»

«በዚህ ደብተር እኮ ተሰርዞ የሚያውቅ ርዕስ የለም፣ ልጄ።»

«እንግዲህ ይሄ የመጀመሪያው ይሁን።»

ሠላሳ ዓመት አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ሲሳሳት ፍሬን ሲይዙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ስህተት ሲያዩ ያውቁታል። ከዚያ ጎንበስ ብለው ስምሽ እስከማይነበብ ድረስ ሰረዙት፤ ወረቀቱ ሊበሳ ምንም አልቀረው። «በምትኩስ ምን ልጻፍ?» አሉኝ። «የኔን ስም ጻፉ። መጸለይ ያቃተኝ እኔ ነኝ» አልኩ። እትዬ ኬክ «ውይ ልጄ፣ ምን አግኝቶህ?» ሲሉኝ የልጃችንን ነገር ሁሉ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ግን የሁለታችን ነው፤ ካንቺ አስቀድሜ ለእነሱ ብናገር ያንኑ ጥፋት መድገም ነው። «ይሄን ለባለቤቴ ሳልነግር ለማንም አልነግርም» ብዬ ተቀመጥኩ። እትዬ ኬክ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ስንወጣ በር ላይ ጠብቀውኝ «ያን ቀን ፋርማሲው ውስጥ አጥፍቼ ነው አይደል?» አሉኝ። «የላክሁዎት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ስለዚህ አሁን ልንገርሽ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የኔ ዝምታ ግን ነቅዟል።

ያን የመጀመሪያውን እሁድ «ያንተስ?» ብለው ሲጠይቁኝ አፌ ላይ የመጣው ስምሽ አልነበረም። «ልጄ ሞተብኝ፤ እግዚአብሔርም እያየ ዝም አለ፤ ተቀይሜዋለሁ» ነበር። ይሄን በአሥራ አንድ ሰው ፊት ማለት አቃተኝ። አፌን ከፍቼ ስለነበር የሆነ ነገር መውጣት ነበረበት፣ ያንቺን ስም ሰጠኋቸው። ለእምነትሽ ተጨንቄ አይደለም። ያንቺን ቁስል ገልጬ የኔን ሸፈንኩበት። ሦስት ወረቀት ያስቀደደኝ ይሄ ነው።

ሌላም አለ። ያን ወር ከሐኪም ቤት ስትመለሺ፣ ለልጃችን ቢጫ የቀባኋት ትንሿ ክፍል ነጭ ሆና ጠበቀችሽ። «በአንድ ቀን አጠፋኸው?» የሚል ነገር ዓይንሽ ላይ አየሁ፤ አልተናገርሽም፣ እኔም አልመለስኩም። እህትሽ አልጋሽ አጠገብ በነበረችበት በዚያ ቀን ቢጫው ቀለም ስትገቢ እንዳይታይሽ ብዬ ነበር የመጣሁት። ባልዲውን ከፍቼ ብሩሹን ማንሳት አቃተኝ። መሬቱ ላይ ተቀምጬ ስንት ሰዓት እንዳለቀስኩ አላውቅም። አለቃዬ ደውሎ ድምፄን ሲሰማ «ምን ሆነሃል?» አለኝ። «ቀለም ዓይኔ ገብቶ ነው» አልኩት። ከዚያ ተነስቼ ሦስት ጊዜ ደራርቤ ቀባሁት። ሳለቅስ እንዳታዪኝ ተጠንቅቄ ነበር፤ እንዳላዘንኩ ሊመስልሽ እንደሚችል ግን አንድም ቀን አላሰብኩም። አዝኛለሁ፣ የኔ ዓለም። አሁንም አዝናለሁ። ሌላ ሰው ቤት የልጅ ክፍል ቅባ ስባል ለሌላው አሳልፌ እሰጣለሁ።

እህትሽ ደውላልኝ ነበር። አትቆጪያት፣ ወጥሬ የያዝኳት እኔ ነኝ። እዚያው ኃላፊ አድርገው ሊያስቀሩሽ እንደፈለጉና በአሥር ቀን ውስጥ መልስ እንደምትሰጪ ነገረችኝ። ጥሩ ሥራ ነው፤ ይገባሻል። እዚያ ደግሞ ባንኮኒ ላይ እጅሽን ይዞ ስለ እምነትሽ የሚጠይቅሽ የለም። ወሬውን እንደሰማሁ መጀመሪያ ያሰብኩት ለሽማግሌው ደውዬ «ጸልዩልኝ» ማለት ነበር። ቁጥራቸውን ከደወልኩ በኋላ ሳይነሳ ዘጋሁት።

ብትመለሺ ማለዳ ማለዳ የግድ መጸለይ የለብሽም። ሻያችንን ጠጥተን፣ ስለ እርጥብ ፎጣውም እኔኑ ሰድበሽኝ፣ ወደየሥራችን እንሂድ። እኔ አንድ ቀን ማንኳኳት ብጀምር ለራሴ ነው፤ አንቺን አልጎትትም፣ የእምነትሽ ዘበኛም አልሆንም። እሱ ካለ ያንቺን ዝምታ ከኔ ጸሎት አብልጦ ይሰማ ይሆናል። አየሽ፣ «ካለ» ብዬ ጻፍኩ። ልሰርዘው ነበር፣ ተውኩት።

ደህና ዋይልኝ፣ ደህና እደሪልኝ። ስትሠሪ ቆመሽ እንዳትውይ፣ ወገብሽን አስቢለት። ወደዚህም ይሁን ወደዚያ መንገድሽ ቀና ይሁን።

በየማለዳው በዚያች ሁለት ደቂቃ ውስጥ «እሷን መልስልኝ» እያልኩ ሦስት ወር ሊሞላ ምን ቀረኝ። ይሄን ሁሉ ቀን የለመንኩት እሱን ነው። አንቺን አንድ ቀን አልለመንኩሽም። በማንም በኩል አላዞረውም፦ ናፍቀሽኛል። እባክሽ ነይ።

ባልሽ