ሟቿ በአካል ቀርባ ትፈርም ላለው ቢሮ

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲያችን ሬጅስትራር ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ደንብዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም ሰላማዊ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ጠዋት የምማር፣ ከሰዓት በኋላ ላውንደሪ ቤት አንሶላ የምተኩስ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የምጽፍልዎ አጠገቤ ቆማ ትተኩስ ስለነበረችው የክፍሌ ልጅ ነው። በሥራና በትምህርት መካከል ስትሮጥ ስለምትውል «ሯጯ» እንላት ነበር።

1ኛ. የቤተ ሙከራው ክፍለ ጊዜ ወደ ከሰዓት ሲዛወር፣ ሯጯ የጠዋቱ ምድብ ውስጥ እንዲያስገቧት አመለከተች። እርስዎም «ሁለት ወዶ አይሆንም፤ ወይ ሥራሽን ወይ ትምህርትሽን» አሏት። ሥራው ከሌለ ትምህርቱም እንደማይኖር ልታስረዳ አፏን ስትከፍት ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠሩ። ስለ አባታዊ ምክርዎ እናመሰግናለን።

2ኛ. አሥር ደቂቃ ያረፈደ ፈተና አይገባም የሚል ደንብ አለዎት። በፈተናው ቀን አለቃችን «ተተኪሽ ሳትመጣ አትሄጂም» ብሎ አቆያት። ስትለቀቅ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ወጣች። ዋናው በር ፊት ለፊት መንገድ ስታቋርጥ መኪና ገጫት፤ እዚያው አረፈች። ፈተናው ግን በሰዓቱ ተጀመረ፤ ሰዓት አክባሪነትዎ የሚመሰገን ነው።

3ኛ. ስሟ ዛሬም ይጠራል። መምህራችን ከቢሮዎ የሚላክላቸውን ዝርዝር አንገታቸውን ደፍተው ያነባሉ፤ እሷ ላይ ሲደርሱ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ድምፅ «አቤት» አለ። ሁሉም ዞረው ሲያዩኝ ነው ከእኔ አፍ መውጣቱን ያወቅሁት። በቢሮዎ መዝገብ ሯጯ ያን ቀን ተገኝታለች። ከዚያ ወዲህ የራሴ ስም ሲጠራ አፌ አይታዘዘኝም።

4ኛ. አባቷ የሁለት ቀን መንገድ ተጉዘው መጥተው ስሟ እንዲሰረዝ፣ ማስረጃዎቿም እንዲሰጧቸው ጠየቁ። ጸሐፊዎ «ባለጉዳይዋ ራሷ በአካል ቀርባ ትፈርም» አለቻቸው። አዛውንቱ ግራ ተጋብተው «ልጄ እኮ ሞታለች» ቢሏት፣ «እሱን በጽሑፍ ያምጡ» አለች፤ እንዲያውም በትሕትና። እሳቸውም አመስግነው ወጡ። እኔ እስካሁን ማመስገን ያቃተኝ እዚህ ላይ ብቻ ነው።

ለሥራዎ መቃናት ዘወትር የምትመኝ፣ ደንብዎን አክባሪ፣
ለጊዜው በሕይወት ያለች ተማሪዎ

ማሳሰቢያ፦ አባቷ የተባሉትን ወረቀት ይዘው ሰኞ ይመለሳሉ። ባለፈው ቆመው ነው የዋሉት። ደንቡ የሚፈቅድ ከሆነ፣ እባክዎ ወንበር ይስጧቸው።