በመስኮቱ በኩል ያለው ጎማ

ይድረስ ለወንድምዓለም፤

ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? ጨጓራህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ምሳህን እየዘለልክ ነው? የአዳማ ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬን ዝናቡ ሲጀምር ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላው ደህና ነው፤ ስምህን ሳታነሳ አትውልም። ከሰላምታው ያለፈውን ግን ተናድጄ ነው የምጽፍልህና ቁጭ ብለህ አንብበው።

ለምን አልደወለችም እንዳትል፤ ስልክ ላይ አታስጨርሰኝም። ሐሙስ ዕለት ስትጮህብኝ ፑል ቤቱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ሰምቶሃል። ብርጭቆ እያጠብኩ ስለነበር ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ መደርደሪያው ላይ አስቀምጬው ነበር። ታላቅ ወንድሜ ቤቱን ገደልሽው ሲለኝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ሳይቀሩ ሰሙ። አንዱ ልጅ አዝኖልኝ መሰለኝ ብርጭቆ ያደራርቅልኝ ጀመር። እንዲህ ነው ያዋረድከኝ።

ለመሆኑ ቤቱን የገደልኩት እኔ ነኝ? የፑል ጠረጴዛው ጨርቅ መሀሉ ላይ ተቀዶ በፕላስተር የተለጠፈው በማን ጊዜ ነው? ኳስ የሚያነጥሩት የዳር ጎማዎች ደርቀው እንጨት የሆኑት በማን ጊዜ ነው? አንተ ትተኸው ስትሄድ ከተማሪና ከሰካራም ጋር እየተጨቃጨቅኩ የያዝኩት እኔ ነኝ። አሁን እንደ ምንም ብዬ ነብዩ የሚባል ባለሙያ ከሐዋሳ አስመጣሁ። አሮጌውን ጨርቅ ገፈፈው፤ ብሎኖቹን ፈታ፤ ጎማዎቹን ከጣውላው ላይ እየፈቀፈቀ አነሳቸው። አዲሶቹን በማስቲሽ ለጥፎ፣ ጨርቁን ወጣጥሮ ቸነከረው። ሲያልቅ እንኳን ሊጫወቱበት ሊነኩትም ያሳሳ ነበር። ሌላ ወንድም ቢሆን እሰይ እህቴ ይል ነበር።

ያንተ ጓደኛ ሀብተ ጊዮርጊስ ግን ደስ አላለውም። ለምን መሰለህ? ጢም እንኳ ያላበቀለ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ደጋግሞ አሸነፈዋ። እዚህ ቤት የሚከፍለው ተሸናፊ እንደሆነ ታውቃለህ፤ ሀብተ ጊዮርጊስ ደግሞ ከፍሎ አያውቅም። ይህን ሁሉ ዓመት የኖረው የትኛው ጎማ እንደሚያነጥር፣ የትኛው ኳስ አስቀርቶ ዝም እንደሚል በቃሉ ይዞ ነው። አሁን ሁሉም እኩል ሲያነጥሩበት ጨዋታው ጠፋበት። ጎማው ላይ መተት አለ ብሎ እስከማውራት ደርሷል። ቀጥሎ ላንተ ደወለ፤ አንተም ነገሩን ሳታጣራ፣ አሮጌዎቹን ጎማዎች አስመልሺ፣ አለዚያ ቁልፉን ለሀብተ ጊዮርጊስ አስረክቢ አልከኝ።

ቁልፉን ለማንም አልሰጥም። ለምን እንደማልሰጥም ልንገርህ።

ነብዩ በመስኮቱ በኩል ያለውን ጎማ ሲያነሳ ሥራውን አቁሞ ጠራኝ። ጎማው ከጀርባው በቢላ ተቦርቡሮ ቡትቶ ተወትፎበታል። ይሄ በእርጅና የሞተ አይደለም፣ ሰው ነው እንዲህ ያደረገው አለኝ። ኳስ እዚያ ጋ ስትደርስ የምትሞተው ለካ ለዚህ ነበር። ቡትቶውን ጎትቼ ሳወጣው ያንተ ቢጫ ካናቴራ እጅጌ ነው፤ ስንት ጊዜ ያጠብኩትን አላጣውም። አንተም ስልኩ ላይ ከጩኸቱ ሁሉ በፊት የጠየቅከኝ፣ ጎማው ሲነሳ ውስጡን ማን አየው ብለህ ነው። እኔ አየሁት።

ባርናባስን መቼም አልረሳኸውም። አሪቻ ቡና ማጠቢያው ጋ ይሠራ የነበረውን፣ እኔን ለማግባት ሽማግሌ ሊልክ ሰው የመረጠውን። ከሦስት ዓመት በፊት በዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ካሸነፍከኝ ሽማግሌህን ላክ፣ ከተሸነፍክ እህቴን እርሳት አልከው። የእኔን ሕይወት የሻይ ሂሳብ አደረግከው። እሱም እሺ ብሎ የኳስ መምቻውን ስቲክ አነሳ፤ እሱንም ቢሆን ለዚህ ሙሉ በሙሉ ይቅር አላልኩትም። መጨረሻ ላይ ጥቁሯ ኳስ ብቻ ቀረችው፤ እሷን ካስገባ አሸናፊ ነው። በመስኮቱ በኩል አንጥሮ ሊያስገባት ሲያጎነብስ፣ አንተ ይባስ ብለህ በሌላው ጎማ ሞክር እያልክ አፌዝክበት። መታት፤ ጎማው ላይ ሞታ ቀረች። ስቲኩን አስቀምጦ ወጣ። በማግሥቱ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ ደህና ሁኚ እንኳ አላለኝም።

አንተ ለጠየቀህ ሁሉ፣ እኔ ነኝ የከለከልኩት፣ በሃይማኖት አንገጥምም አልክ። የባርናባስ ዘመዶች ሰላምታ ነሱህ። የሰፈሩ ሰው ጠላህ። ዲላን ለቀህ የሄድከውም ለዚያ ይመስለኛል፤ እሰይ ብያለሁ ያኔ። እኔም ከሥራ ጉዳይ በቀር አላነጋገርኩህም፤ በዓል መጥቶ በዓል ሲሄድ እንኳን አደረሰህ አላልኩህም። ይህ ሁሉ ሲያንስህ ነበር ለካ። ጎማ ቦርቡረህ፣ ቡትቶ ወትፈህ፣ ሰውን በማያሸንፍበት ጠረጴዛ ላይ አጫውተህ ነው የሸኘኸው።

ባርናባስ ባለፈው ወር ተመልሶ እዚሁ አቅራቢያችን ዱመርሶ ቡና ማጠቢያ ሥራ ጀምሯል። ትንቢት በምትባለው የአክስቱ ልጅ በኩል ላክሁበት፤ ዛሬ ይመጣል። ተጭበርብሮ እንደተሸነፈ በዓይኑ ይይ። ከዚያ በኋላ የሚያደርገውን እሱ ያውቃል። አዲሱን ቀሚሴን ለብሻለሁ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ አቁሜው ነበር። ባርናባስ መጥቶ ሄደ።

ቡትቶውንና ተቦርቡሮ የተጣለውን ጎማ አዲሱ ጨርቅ ላይ ዘርግቼ አሳየሁት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ሳቀ። ይሄ ነገር እስካሁን አለ እንዴ አለኝ። ጎማውን በቢላ የቦረቦረው እሱ ራሱ እንደነበረ፣ ካናቴራህን ቀደህ ያቀበልከው አንተ እንደነበርክ፣ የዩኒቨርሲቲ ልጆቹን ለማሸነፍ ብላችሁ ቤቱን ዘግታችሁ የሠራችሁት ቀልድ እንደነበር ነገረኝ። ያን ጊዜ የእኔና የእሱ ነገር ገና አልተጀመረም ነበር። የትኛው ቦታ ላይ ኳስ እንደምትሞት ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም አለኝ፤ ኩራት ቢጤ ነበረው ሲናገር።

ታዲያ ጥቁሯን ለምን ወደዚያ መታሃት ብዬ ጠየቅኩት።

ሳቁን አቆመ። ያ እኮ ድሮ ነው አለኝ። ያፈላሁለትን ሻይ ሳይጨርሰው፣ እናትሽን ሰላም በይልኝ ብሎ ወጣ። አልሸኘሁትም።

እንደምትሞት እያወቀ ነው ለካ የመታት፤ በሌላው ጎማ ሞክር ያልከውም ስታፌዝበት አልነበረም።

ከላይ የጻፍኩትን ቀድጄ ልጥለው ነበር፤ ተውኩት። ለሐሙሱ ጩኸትህ ይገባሃል። ንዴቴም አልበረደም፤ እንዲያውም ብሶበታል። እውነቱን ብትነግረኝ እሞት ነበር? አንድ ሰሞን አልቅሼ እነሳ ነበር። ማን ልጅ አደረገኝ? ማን ነው አንተን እንድጠላህ የፈረደብኝ? የሰው ስድብ ጠጥተህ፣ አገርህን ለቀህ፣ የእኔንም ፊት አይተህ ዝም ትላለህ? እንዲህ ዓይነት ደግነት ማንም አልለመነህም።

አሮጌ ጎማ አይመለስም። ቁልፉም እኔ ጋ ይቆያል። ሀብተ ጊዮርጊስ ወይ አዲሱን ይልመድ፣ ወይ እንደ ሰው ይክፈል። አንተ ግን ለፋሲካ ናና እዚሁ ዋል፤ አልጋህን አነጥፍልሃለሁ። ለእማዬ ምንም አልነገርኳትም፤ አንተም እንዳትነግራት።

እመብርሃን በመንገድህ ትቅደምልህ። ጤናህን ትስጥህ፤ ከሰው ክፉ ትሰውርህ። ለዓመት በዓሉ በሰላም ታገናኘን።

ስትመጣ ሰው የባርናባስን ነገር ካነሳብህ፣ እንደ ድሮው እኔ ነኝ የከለከልኩት በላቸው።

እህትህ