እንዳታጠብቂው

ይድረስ ለወንድምዓለሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጉንፋንህስ? ያ ደረጃ ስትወርድ የሚንቋቋው ጉልበትህስ? እኛ ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነን። ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ይባላል ብለህ እንዳታልፈው፤ «በቀር» የምትለዋን ቃል አስምርባት። የእማዬ ዓይን ያው ነው። ብርሃንና ጥላ ትለያለች፣ ሰው በድምፁ ትለያለች፣ ጨርቅ በጣቷ ትለያለች። የልብስ ስፌቱን ብትተወውም እጇ አልተወውም፤ እንግዳ ሲመጣ እጅጌውን ዳብሳ «ይኼማ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል» ትላለች። ምግብ ትበላለች። ሳቅ ግን አቁማለች፤ የምጽፍልህም ስለዚሁ ነው።

ከዚህ በፊት የላክሁልህ ሁለት ደብዳቤ ሳይከፈት ተመልሷል። ቅር አላለኝም ብል ዋሸሁ። ይኼኛውን የት እንደምልከው ገና አላወቅሁም፤ ብቻ ልጻፈው።

እንዴት እንደነበርን አትረሳውም። መርከብ ላይ ወጥ ቤት ከገባህ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየወሩ ትጽፋለህ፣ እኔ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብዬ አነባለሁ፣ እማዬ ትስቃለች። ስልክ አትወድም። «ስልክ ሲዘጋ ያልቃል፣ ደብዳቤ ግን ድገሚልኝ ይባላል» ትላለች። ከሥራ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ «ልጄ ምን አለ?» ነው የምትለኝ። አንተም ይህን ስለምታውቅ ለእሷ ብለህ ትጽፍ ነበር፤ እኔ ላይ ግን ተንኮል እየሠራህ። ፊደላችን ጠብቆ የሚነበበውን ላልቶ ከሚነበበው አይለይ፤ አንተ እሷን ቀዳዳ አገኘህ።

የመጀመሪያውን ታስታውሳለህ? «አሁን የደረስንበት አገር ሰው በቀን አምስት ጊዜ ይበላል» ብለህ ጻፍክ። እኔ ሞኟ አጥብቄ አነበብኩት። እማዬ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ልጄን አስመልሱልኝ አለች። እኔ ደግሞ በቁም ነገር፣ መነጽሬን እያስተካከልኩ፣ «ቆይ እስቲ፣ አምስት ሰው ነው ወይስ አንዱን ሰው አምስት ጊዜ?» ብዬ ጠየቅሁ። ላልቶ እንደሚነበብ ሲገባን እማዬ ሆዷን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ወጥመድ ባስቀመጥክበት ሁሉ በቅንፍ «አጥባቂዋ፣ እንዳታጠብቂው» ማለት ጀመርክ። ያንን ቅንፍ ሳይ ደንግጬ የባሰ አጠብቀዋለሁ። ስሙም በዚያው ወጣልኝ። ሰፈር ውስጥ ሰው የሚመስለው ሃይማኖት አጥባቂ ሆኜ ነው።

ደብዳቤህ ከቆመ አሥረኛ ወሩ ነው። በሦስተኛው ወር የመርከብ ድርጅቱ ሰው ጽሑፍ ወደማርምበት ማተሚያ ቤት መጣ። ሻንጣህንና አንድ ገጽ ወረቀት ሰጠኝ፣ ቆቡን አውልቆ ቆመ። ወረቀቱን አነበብኩት። የአባታችን ስም ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል። ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁ፣ ፊደሉን ከበብኩት፣ ትክክለኛውን ከጎኑ ጻፍኩ፤ ከዚያ «ይህ የሌላ ሰው ወረቀት ነው፣ ስሙን አጣሩ» አልኩት። ሰውዬው «እህቴ» ብሎ ጀመረና ተወው። ሻንጣህ ወረቀት መጋዘን ውስጥ፣ ከካርቶኖቹ ጀርባ አለ። ስትመጣ ትወስደዋለህ። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

በአራተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ እማዬ እንደ ልማዷ «ልጄ ምን አለ?» ስትለኝ «ጽፏል» አልኩ። አመለጠኝ። ከአፍ የወጣ ነገር መቼም አይመለስ፤ ከቦርሳዬ የማረሚያ ወረቀት አውጥቼ አንተ የጻፍከው አስመስዬ ማንበብ ጀመርኩ። ምን እንዳነበብኩላት ታውቃለህ? ስለ ንፋስ። ሩብ ሰዓት ሙሉ ስለ ንፋስ። ስጨርስ እማዬ «ይኼ ልጅ አሞታል» አለች፣ ምሳም አልበላችም። ያን ቀን ነው ቀልድ መማር አለብኝ ያልኩት። እኔ! ሥራዬ ስህተት ማጥፋት የሆነው፣ በሠርግሽ ቀን እንኳ የጥሪውን ነጠላ ሰረዝ ስታርሚ ትውያለሽ ብለህ የቀለድክብኝ ሰው።

መምህር አላጣሁም። ለራዲዮ ጭውውት የሚጽፉ አንድ ሽማግሌ ጽሑፋቸውን ሊያሳትሙ እኛ ዘንድ ይመላለሳሉ። አፍሬ አፍሬ በመጨረሻ ጠየቅኋቸው። «ቀልድ ምን ያደርግልሻል?» አሉኝ። «ለቤት ፍጆታ ነው» አልኳቸው። ሳቁ። ለምን እንደሳቁ አልገባኝም፤ እኔ እውነቴን ነው። ከዚያ በየሐሙሱ፣ ያረምኩላቸውን ገጽ ሲወስዱ፣ አንዳንድ ነገር ይነግሩኛል። ሁለቱን ቀጥ አድርገሽ ተናገሪ፣ ሦስተኛውን አጣምሚው አሉኝ። ከራስሽ ጀምሪ፣ በሰው አትጀምሪ አሉኝ። ሰው የሳቀበትን ሁሉ ጻፊ ብለው ደብተር አስገዙኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ማክሰኞ። ገንዘብ ያዥዋ ምንጣፉ አደናቅፏት ወደቀች። ሁሉም ሳቀ። እኔ አነሣኋት። ምንጣፉን አስተካከልኩ።»

ሦስተኛውን አጣምሚው ያሉትን ምሳ ሰዓት ላይ ሞከርኩት። ከማሽን ክፍሉ የመጣው ሞተሩ (ሲያወራ ስለማያቆም ነው እንዲህ የምንለው) ለአንድ አፍታ ዝም ሲል «ትናንት ሦስት ነገር ጠፋብኝ» አልኩ፤ «ቁልፌ፣ ጃንጥላዬና…»። ሦስተኛው «ባሌ» ነበር የሚለው። ሁለት ቀን ተለማምጄዋለሁ። ግን ባል የለኝም፤ የሌለ ነገር እንዴት ይጠፋል? ምላሴ እምቢ አለኝና «መነጽሬ» አልኩ። ሞተሩ ደግ ሰው ነው፣ ወዲያው ጠረጴዛው ሥር ገብቶ መፈለግ ያዘ። እኔም አብሬው ጎንበስ አልኩ። ጠራዡ ነው «ኧረ ዓይንሽ ላይ ነው» ያለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ደብተሬ ላይ «አልተሳካም» ብዬ መዘገብኩ።

ጎረቤታችንም ላይ ሞክሬያለሁ። «እንዴት አደርሽ?» ስትለኝ «አላደርኩም፣ ዝም ብሎ ነጋብኝ» አልኳት። በማግስቱ ሾርባ ይዛ መጣች፣ ግንባሬንም ዳበሰችኝ። አየህ፣ አንተ ብትለው ኖሮ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ትስቅ ነበር። ምኔ ነው እንዲህ የሚያደርገኝ? ፊቴ ነው? ድምፄ ነው? አንድ እናት ወልዳን፣ አንድ ጡት ጠብተን፣ አንተ ብቻ ጠርገህ ወሰድከው?

እንዲህ እየተፍጨረጨርኩ በስምህ ስድስት ደብዳቤ ጻፍኩ። ይቅር በለኝ። የምኮራበት አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። «ካፒቴናችን ለመርከበኛ ዋናው ነገር ዋና ነው ይላል» የሚል ነው። ፊተኛውን አጠበቅኩት፣ ኋለኛውን አላላሁት፤ አንድም ቦታ ሳልሳሳት፣ ጥርት አድርጌ አነበብኩላት። ቀና ብዬ ጠበቅኋት። እማዬ ቀስ ብላ «እሱ ዋና መቼ ይችላል» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። እንግዲህ ምን ልበልህ፣ ወንድምዓለም። ያን ቀን ያንን ደብዳቤ ልቅደደው ወይስ ራሴን ልቅደድ ጠፋኝ።

በሌሎቹ ላይ ትስቃለች፣ አትስቅም አልልህም። ግን እንግዳ ሲቀልድ እንደምትስቀው ነው፣ በአፍንጫዋ፣ እንዳይከፋኝ ብላ። ሽማግሌው ዘንድ ሄጄ የእኔን ስድስቱንና ካንተ አሮጌዎች ሁለቱን አስነበብኳቸው። ለረጅም ጊዜ ገለበጡ። ከዚያ «ወንድምሽ እኮ ቀልድ አይጽፍም፣ ወጥመድ ነው የሚዘረጋው» አሉኝ። «ማን እንዲገባበት?» ብላቸው በእስክሪብቷቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «እናትሽ የምትስቀው በአንቺ ነው፣ ልጄ። እሱ ይህን ያውቃል። አሁን ግን ጉድጓዱን ቆፋሪዋም አንቺ፣ ገቢዋም አንቺ ሆነሽ እንዴት ትወድቂበት?» አሉኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንባቢ ነኝ ስል መሳቂያ ኖሬያለሁ ማለት ነው? ከዚያ ግን ወደ ቤት ስሄድ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ንዴቱ ወደ ሌላ ነገር ዞረብኝ። እኔን ከእሷ ሳቅ እንዳልጎድል አድርገህ ነበር ለካ ስትጽፍ የኖርከው። ይህን አንድ ቀን እንኳ አልነገርከኝም።

ያኔ ነው የመጨረሻህን አውጥቼ እንደገና ያነበብኩት። «ስትጠሪው ልጅሽ ከባሕር ማዶም ይሰማል» ብለሃል፣ ቅንፍህም አለ። ቅንፉ ውስጥ ግን «እንዳትጠብቂው» ይላል። «ታ» መሆን ሲገባት «ት» ናት። በመጣ ጊዜ በቀይ አርሜው ስቄብህ ነበር፣ ባሕር ፊደል ያስረሳል ብዬ። አሁን ሳየው ስህተት ነው። ስህተት መሆኑን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል፣ እንጀራዬ ነው። ቸኩለህ ነው፣ ወይ መርከቡ ተናውጦ ነው። ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ በምንም መንገድ ይሁን፣ ስህተት ነው በለኝ።

ወደ ባለፈው ቅዳሜ ልምጣ። ሰባተኛውን ይዤ ገባሁ። እማዬ ምንም ሳትለኝ እጇን ዘረጋች፣ ወረቀቱን ሰጠኋት። በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው፣ አሸተተችው። «ይኼ የእናንተ ማተሚያ ቤት ወረቀት ነው» አለች። «ደግሞ እሱ ሲጽፍ ትደናቀፊ ነበር፣ አሁን እንደ ራዲዮ ዜና ታንቆረቁሪዋለሽ» አለችኝ። ጫማዬን ማውለቅ ያዝኩ። የጫማ ማሰሪያ እንዲህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር። እጄን ያዘችው። ከዚያ «ልጄ አለ?» አለችኝ።

አጥብቃ ነው ያለችው። ልክ እንደሚጠብቀው። ነገር ግን እኔ አሥራ አንድ ዓመት «ልጄ ምን አለ?» ስባል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጆሮዬ ለምዶ፣ ወይም ልቤ ፈርቶ፣ እንጃ፣ አላልቼ ሰማሁት። «አዎ እማዬ፣ ብዙ ነገር አለ፤ ሰላም በይልኝ አለ፣ ጉልበቴን ተሽሎኛል አለ…» እያልኩ መቁጠር ጀመርኩ።

እማዬ እጄን ለቀቀችው። ከዚያ ሳቀች። የአፍንጫዋን ሳቅ አይደለም፤ ያንን የጥንቱን፣ የ«ይበላል» ዕለት የሳቀችውን፣ ሆዷን ይዛ፣ ከወንበሩ እስክትንሸራተት። ምን እንዳልኩ የገባኝ ያኔ ነው፤ እኔም አብሬያት ሳቅሁ፣ ወለሉ ላይ፣ አንድ እግሬ ጫማ እንዳደረገ። አስቄያት አላውቅም እንዳልል አሳቅኋት፣ ወንድምዓለም። ተሳካልኝ። ሳቁ የቱ ጋ አልቆ ሌላው የቱ ጋ እንደጀመረ ግን አላውቅም። ብዙ ቆየን። በኋላ በመሐረቧ የእሷንም የእኔንም ፊት ጠረገችና «ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር» አለች። «ሳቅ ይወድ ነበር።»

ነበር አለች። የሰው ዓረፍተ ነገር ሳላርም ማለፍ እንደማልችል ታውቃለህ። አላረምኳትም።

ሻንጣህን ሰኞ ወደ ቤት አመጣዋለሁ። ጨርቅ በጣቷ ትለያለች ብዬህ የለ።

እንግዲህ በያለህበት ይመችህ። መኝታህ የማይናወጥ ይሁን፣ ውሃው ይለዝብልህ፣ ከጎንህ የሚስቅ ሰው አይጥፋ። እማዬ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ናት፤ ለማን እንደምጽፍ አልጠየቀችኝም፣ ብቻ ሳሚልኝ ብላለች።

አጥባቂዋ እህትህ