የኡሚ ምርቃት በአምስት ደቂቃ

ለወንድሜ ለጦልሃ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። እንደምን ሰነበትክ? የኖርዌይ ብርድ ጉልበትህን ተወት አደረገልህ ወይ? ሙሽራህ ዱኒያስ ከነቤተሰቧ እንዴት ናት? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ከድሬ ሙቀት በቀር የነካን የለም፣ እሱንም ለምደነዋል።

ኡሚ ቪዛ ከተከለከለች ወዲህ ሰርግህ ላይ በድምጿ ልትገኝ መነሳቷን ታውቃለህ። አዳራሹ የፈቀደው አምስት ደቂቃ ነው ብለህ የላክህልኝን ስነግራት፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያሳደግኩትን ልጅ በአምስት ደቂቃ ልመርቀው ነው ወይ ብላ ተቆጣች። ከዚያ ቬንትሌተሩ ፊት ተቀምጣ አርባ ሁለት ደቂቃ ተናገረች።

መቁረጡ እኔ ላይ ወደቀ። ድምፅ የሚቆረጥበትን ፕሮግራም መምረጥ ገበያ ወርዶ ሽንኩርት የመምረጥ ያህል መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ ስልኬ ላይ የጫንኩት በቆረጥኩ ቁጥር ማስታወቂያ እያመጣ አሰለቸኝ። ሁለተኛውን የሰርግ ቪዲዮ የሚቀርጸው ጎረቤታችን ሰይፈ ሚካኤል ላፕቶፑ ላይ ጫነልኝ፤ ዘመናዊ ነው፣ ራሱ ሰምቶ ንግግር ያልሆነውን ያወጣል አለኝ። ፕሮግራሙ ቋንቋ አንድ ብቻ ምረጪ ሲለኝ ሳላስብ አማርኛን ነካሁ። አርባ ሁለቱ ደቂቃ ስድስት ሆኖ ወጣ። ደስ ብሎኝ ኡሚን ጠርቼ ከፈትኩት።

ኡሚ በኦሮምኛ እንደምትመርቅ፣ በሶማሊኛ እንደምትቀልድ፣ በአማርኛ ደግሞ እንደምትቆጣ አንተም እኔም ከልጅነታችን እናውቃለን። ፕሮግራሙ የሆሪ ቡላ ምርቃቱንም ቀልዱንም ከቬንትሌተሩ ድምፅ ጋር ጠርጎ ጥሎታል። የቀረው ስድስት ደቂቃ ንጹሕ ቁጣ ነው፦ ለምን አትደውልም፣ ካልሲህን የትም አትጣል፣ ሚስትህን እንደ እኔ ምሳ ይዛ አታስጠብቃት። ሰይፈ ሚካኤል ሳቁን መያዝ አቅቶት ወጣ። ኡሚ ግን እስከ መጨረሻው አዳመጠችና፣ ይህም ቢሆን ውሸት የለበትም አለች።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እንደ አዲስ ጀመርኩ። በመጨረሻ የመረጥኩት መልኩ ያረጀ፣ በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። ምንም አውቃለሁ አይልም፤ ድምፁን እንደ ሞገድ ዘርግቶ ያሳያል፣ የሚቀረውን የሚወስነው ጆሮ ነው። ብሳሳት የቆረጥኩትን ይመልስልኛል። ሦስት ቀን ከኡሚ ጋር ስንጨቃጨቅ ከርመን፣ ከሦስቱም ቋንቋ አስቀርተን አምስት ደቂቃ ሞላን። ከቁጣው የካልሲውን ብቻ ትቼልሃለሁ።

ለዱኒያ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ምርቃቱን አንድ በአንድ ተርጉምላት። ለእናቷና ለአባቷ ኡሚ ከአንገቷ ጎንበስ ብላ ሰላም ብላለች። የዱኒያን ወንድም ዓደንን ሰይፈ ሚካኤል የሰርጉን ቪዲዮ በደንብ እንዲቀርጽ አደራ ብሎታል። ይህን ደብዳቤና ድምፁ ያለበትን ፍላሽ የምታደርስልህ አክስታችን ዐስሊ ናት፤ እሷንም ከብርዱ ጠብቁልኝ።

ፍላሹ ላይ ሁለት ፋይል ታገኛለህ። አንዱ የአዳራሹ ነው። ሁለተኛው ኡሚ ራሷ ቁረጪው ያለችኝ ነው፤ እንግዳ ፊት አይሆንም፣ ሰርግ ነው ብላ። በሰርግህ ቀን አዲሱን ድሪያዋን ለብሳ፣ ወንበር አውጥታ በራችን ላይ እንደምትቀመጥ፣ አንድ ሰው እንኳን ደስ አለሽ ካላት እዚያ ሰርጉ ላይ እንደነበረች እንደምትቆጥረው ትናገራለች። ከዚያ ድምጿ ይሰበራል። ቆረጥኩት፣ መጣል ግን አልቻልኩም። ብቻህን ስማው፤ መስማትህን አትንገራት። በሰርጉ ጠዋት ግን ጎረቤት ሳይቀድምህ ደውልና፣ እንኳን ደስ አለሽ በላት።

እህትህ ዊዳድ
ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ
ጥቅምት ፲፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.