የአባዬ ጥምና ሙቅ የሚነፋው ኤሲ

ሰኞ

ዛሬም ሙቅ ነፋ። ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀዝቃዛው ባዞረውም የሚወጣው የምድጃ ወላፈን ነው። የመኪናችን ኤሲ የተበላሸው እማዬ በሕይወት ሳለች ነው፤ ያኔ ማንም አላሠራውም። አሁን ግን አባዬን ለኩላሊት እጥበት በሳምንት ሦስት ቀን የማመላልሰው በዚህች መኪና ነው፤ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ አርብ፣ አምስት ሰዓት ላይ፣ በዚህ በመጋቢት ፀሐይ። መስኮት አያስከፍትም። "ንፋስ ይመታኛል" ካለ አለቀ።

ሐኪሙ የፈቀደለት በቀን ሁለት ብርጭቆ ውሃ ነው። ከገርጂ መገናኛ እስክንደርስ አልቦት አልቦት አፉ ይደርቃል። ዛሬ ወረፋ ስይዝ ከአንዲት አስታማሚ ውሃ ለምኖ ግማሽ ጠርሙስ ጨለጠ። ነርሷ ስትመዝነው ኪሎው ጨምሮ ስላገኘችው ተቆጣች። የተቆጣችው እኔን ነው።

ስንመለስ "ከበሽታው መንገዱ ባሰብኝ። ቢቀርብኝ ይሻላል" አለ። እጥበት የቀረበት ሰው ብዙ እንደማይቆይ ሁለታችንም እናውቃለን።

ማክሰኞ

ከቢሮ አስፈቅጄ ወሎ ሰፈር አንድ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት "ጋዝ ነው" አለ። ሞላ። ሙቅ። "እንግዲያው ጋዙን የሚገፋው ኮምፕሬሰር ሞቷል" አለ። ልጮህበት ፈልጌ ጉልበት አጣሁ። ጭራሽ "ወንድም የለሽም እንዴ?" ይለኛል። የለኝም። እኔው ነኝ ያለሁት።

ለነገ፦ የአባዬ መድኃኒት። ያላለቀው ሪፖርት። ሌላ መካኒክ። እንቅልፍ፣ ከተገኘ።

ረቡዕ

ብልሃት ያገኘሁ መስሎኝ ውሃ በጠርሙስ አድርጌ ፍሪዘር ውስጥ አሳደርኩ። በፎጣ ጠቅልዬ አንገቱ ላይ አደረግኩለት። ቀለበት መንገዱ ላይ ዘወር ስል ፎጣውን ፈቶ ክዳኑን ለመክፈት ሲታገል አየሁት። ቀማሁት። አባቴን ውሃ ቀማሁት።

አልተቆጣም። ቢቆጣ በተሻለኝ። ማምሻውን ስንመለስ ደረጃው ላይ ቆሞ ትንፋሹን ሰብስቦ "ለአርብ አትልፊ፣ እኔ አልሄድም" አለኝ፤ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል ነበር። ኩሽና ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ሐሙስ

የሥራ ባልደረባዬ ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ያለ የኤሲ ባለሙያ ጠቆመችኝ። ሰይድ ይባላል፤ የወሎ ሰው፣ የማይቸኩል። ኮፈኑን ከፍቶ አንድ ቱቦ ነካ፤ እኔንም አስነካኝ። በረዶ ነው። "እህቴ፣ ጋዙም አለ፣ ኮምፕሬሰሩም ደህና ነው። ችግሩ ውስጥ ነው" አለ። የዳሽቦርዱን ኪስ አውልቆ በጀርባው ተኛና በባትሪ አየ። ከዚያ ሳቀ። "ወላሂ፣ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ይሄን ማን አሰረው?"

ሙቁንና ቀዝቃዛውን የምትለይ ትንሽ ክዳን አለች። ከማዞሪያው ጋር የሚያገናኛት ሽቦ ተነቅሎ፣ እሷ ወደ ሙቁ ተጎትታ በክር ታስራለች። ወይን ጠጅ የሹራብ ክር። እማዬ ሹራብ ትሠራበት የነበረው ክር። ሰይድ ሽቦው የት እንደሚገባ አሳየኝና መቀስ አነሳ። "ተወው" አልኩት። እንደታሰረ ይዤው ተመለስኩ። የሞኝ ሥራ!

ለአባዬ ነገርኩት።

"እናትሽ ሳይነስ ነበረባት። አንቺ ገና መኪና ስትገቢ ኤሲ ነው የምትከፍቺው። እሷ ደግሞ ልጄን ቅር እንዳይላት ብላ አትናገርም። ራሷን አስራ ትተኛለች። ሽቦውን የነቀልኩት እኔ ነኝ፤ የእኔ ጣት አልገባ ሲል ያሰረችው እሷ ናት።"

ተበላሸ ሲሉኝ አምኜ ነበር። ታዲያ አባዬ፣ ይሄን ሁሉ ቀን እየተጠማህ ለምን ዝም አልክ? አልኩት።

"ክሯን ትቆርጪዋለሻ" አለ።

አፈርኩ። ተናደድኩም፤ በሦስታችንም።

አርብ

ልለምነው ተዘጋጅቼ ነበር። ክፍሉ ባዶ። ስወርድ መኪናው አጠገብ ቆሟል፣ ጃኬቱን ለብሶ። ልሂድም አላለ፣ አልሄድምም አላለ። "ፍቺው እንጂ አትቁረጪው" ብቻ አለ።

እሱ በስልኬ መብራት እያበራልኝ፣ አንገቴ ተጣምሞ፣ በጥፍሬ ሃያ ደቂቃ ታገልኩ። እማዬ አንዴ ካሰረች አሰረች ነው። ሽቦውን ሰይድ ባሳየኝ ቦታ መለስኩት። አባዬ ክሩን ተቀብሎ መርፌ በማይገባበት እጁ ላይ ጠመጠመው።

መንገዱ ያው ነው፤ ጭንቅንቁም፣ ጡሩምባውም። ቀዝቃዛ ግን ነፋ! እስክንደርስ ውሃ የሚል ቃል አልወጣውም። ነርሷ መዝናው ዝም አለች። ከእሷ ይሄም ምርቃት ነው።

ስንመለስ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ የተኛ መስሎኛል። እኔም የሳምንቱ ድካም ትከሻዬ ላይ ነው።

"ቀንሺው፣ በረደኝ" አለ።

ቀነስኩት።

ትንሽ ቆይቶ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ "ሰኞ በስንት ሰዓት ነው የምንወጣው?"

አምስት ሰዓት፣ አልኩት። ሰዓቱን ከእኔ በላይ ያውቀዋል።